«ሆድ ይፍጀው» ያልነው በትከሻችን ሲከብድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጉዳይ የነፍስ ነው ሲሉት የሥጋ፣ የሥጋ ነው ሲሉት የነፍስ ሆኖ የሚገኝ ነው። ይኸውም ሳይነገር፣ ሳይለቀስ፣ ሳይታረቁበት በውስጥ የታፈነ ኀዘንና ቁጣ ከጊዜ ብዛት የማጅራት፣ የትከሻና የወገብ ሕመም ሆኖ እንዴት እንደሚገለጥ ነው። በዳሪሙም ሆነ በመቱ፣ በጎሬም ሆነ በአካባቢው ባሉት ከተሞች፣ ገና በወጣትነቱ «ማጅራቴን ያዘኝ»፣ «ወገቤ አልታዘዝ አለኝ» የሚል ሰው እናገኛለን። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ብርድ ነው» የሚል ነው። የኢሉባቦር ዝናብና ጭጋግ ለዚህ መልስ የተመቸ መሆኑን ማንም አይክድም። ሸክሙም አለ፤ ቡናው፣ ውኃው፣ እንጨቱ የሚጓጓዘው በሰው ጀርባ ነው። ነገር ግን ፀሐይ ወጥቶም የማይለቅ፣ ሸክሙ ወርዶም የማይቀል ሕመም አለ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህኛው ነው።

ሀ. ቋንቋችን አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር

አነጋገራችንን ብናስተውል ይህን ነገር ከሐኪም በፊት ያወቀው ይመስላል። የተበሳጨውን ሰው «ጥርሱን ነክሶ ቻለው» እንላለን፤ ጥርስ የሚነከሰውም በመንጋጋ ጡንቻ ነው። ያዘነውን «አንገቱን ደፋ»፣ ኑሮ የከበደውን «ትከሻው ጎበጠ»፣ የፈራውን «ተኮማተረ» እንላለን። የመረረው ሰው አንጀቱ ያርራል፤ ምሥጢሩን የሚጠብቅ በሆዱ ይይዛል። በኦሮምኛችንም «ገራ» ስንል ምግብ የሚገባበትን ሆድ ብቻ ሳይሆን የምናዝንበትንና የምንራራበትን ልብ ጭምር ማለታችን ነው። በአንድ ጉባኤ የሚዘምሩት ሁለቱ ቋንቋዎቻችን ስሜት በአካል ውስጥ ማደሪያ እንዳለው ይስማማሉ ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የምናዘወትራት ቃል ግን «ሆድ ይፍጀው» የምትለዋ ናት። የሚነገር ነገር ሲኖረንና የሚሰማን ስናጣ፣ ወይም መናገሩ ጠብ ያመጣል ብለን ስንሰጋ፣ «ተወው፣ ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ይህን ስንል ጉዳዩ እዚያው ውስጥ ተቃጥሎ ዐመድ ይሆናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ግን ሆድ በእርግጥ ይፈጀዋልን? ወይስ ሳይፈጀው ወደ ትከሻና ወደ ወገብ ያስተላልፈዋል?

ለ. አካላችን እንዴት እንደተሠራ

ዋልተር ካነን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ሕመም፣ ረኀብ፣ ፍርሃትና ቁጣ በአካል ላይ የሚያደርሱትን ለውጥ የሚገልጥ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1915 አሳትሟል። ፍጡር አደጋ ሲገጥመው ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ደም ይገባል። ልብ ይፈጥናል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ይልቅ ወደ እግርና እጅ ጡንቻዎች ያደላል፤ ጡንቻም ለመምታት ወይም ለመሸሽ ይወጠራል። ይህ የፈጣሪ ጥበብ ነው። በምሽት ከቡና ጫካ ስንመለስ ጅብ ቢገጥመን ነፍሳችንን የሚያተርፍልን ይኸው ዝግጅት ነው። ሮጠን ቤት ከገባን በኋላ ልብ ይረጋጋል፤ ጡንቻም ይላላል።

ታዲያ ያስፈራን ወይም ያስቆጣን ጅብ ባይሆንስ? አባት ወይም ታላቅ ወንድም፣ አሠሪ ወይም መምህር፣ ወይም የሞት መልእክት ቢሆንስ? መምታት አንችልም፤ መሸሽም አይቻልም፤ መናገርም ነውር ሆኖ ይታየናል። አካል ግን ይህን ልዩነት ጠንቅቆ አያውቅም። እንደ ወትሮው ይዘጋጃል፤ ከተዘጋጀም በኋላ «አበቃ፣ ዕረፍ» የሚለው ሳያገኝ ይቀራል። ሌባው መሄዱን ማንም ስላልነገረው ሌሊቱን ሁሉ ዱላውን እንደጨበጠ የሚያድር ዘበኛ ይመስላል። አንድ ሌሊት ቢሆን ባልከፋ፤ ነገር ግን ወር ከወር፣ ዓመት ከዓመት እንዲህ የሚያድር ዘበኛ መጨረሻው ምን ይሆናል?

በሰው አካል ውስጥ ከ600 በላይ ጡንቻዎች አሉ። ጡንቻ ሲወጠር በውስጡ የሚያልፉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጫናል፤ ሲላላ ደሙ እንደገና ይዘዋወራል። ስንራመድ መወጠርና መላላት ስለሚፈራረቁ ረጅም መንገድ ብንሄድም ጡንቻው ይመገባል። ሳይላላ በትንሹም ቢሆን ተወጥሮ የሚውል ጡንቻ ግን ደም እንደልቡ ስለማያገኝ ይደክማል፤ ይቆስላል፤ ሲነኩትም እንደ ገመድ ቋጠሮ ይሆናል። ሕመሙ ሲሰማ ደግሞ ሰውየው ከሕመሙ ለመጠበቅ ይበልጥ ይኮማተራል፤ መኮማተሩም ሕመሙን ይጨምራል። ይህን ዙር «ሕመም ውጥረትን፣ ውጥረት ሕመምን ይወልዳል» ብለን ልናሳጥረው እንችላለን።

አንድ ነገር እንጨምር። ጡንቻ ሥራ ሲጀምር በመጀመሪያ የሚነሡት ትናንሾቹ ክሮች ናቸው፤ በመጨረሻ የሚያርፉትም እነርሱ ናቸው። በቤት ውስጥ ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ እሳት የምታነድደውን፣ ከሁሉም በኋላ የምትተኛውን ልጅ ይመስላሉ። ስለዚህ ትከሻን በጥቂቱ ሰቅሎ መዋል እንኳ ምንም ያልሠራን ሲመስለን እነዚህን ክሮች ሊያደክማቸው ይችላል። «ዛሬ ምንም ሳልሸከም እንዴት ደከመኝ?» ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይኸው ነው።

ሐ. ተመራማሪዎች ምን አገኙ?

እ.ኤ.አ. በ1993 ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት ሰዎችን የሚያስጠይፍ ፊልም አሳዩአቸው። ለአንዳንዶቹ በፊታቸው ላይ ምንም ነገር እንዳይታይ እንዲጠነቀቁ ነገሯቸው። የተነገራቸውም እንደታዘዙት ፊታቸውን ጠበቁ፤ የተሰማቸው የመጸየፍ ስሜት ግን ከሌሎቹ አላነሰም፤ አካልን ለአደጋ የሚያነሣሣው የነርቭ ክፍልም ይባስ ብሎ ሥራውን ጨመረ። ስለዚህ ፊትን መሸፈን ስሜትን ማጥፋት አይደለም፤ ስሜቱ ባለበት ሆኖ የሸፋኙ ድካም ይታከልበታል።

የወገብ ሕመም በቆየባቸው ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶችም በሚያስቆጣ ሁኔታ ውስጥ ቁጣቸውን እንዲያፍኑ የተነገራቸው ሰዎች የወገብ ጡንቻቸው ሲጠነክርና ሕመማቸው ሲብስ ታይቷል። ልብ በሉ፤ ቁጣው ወደ አካል ሲወርድ የሚያርፈው አስቀድሞ በደከመው ስፍራ ላይ ነው። ቅጥር የሚፈርሰው በሳሳበት በኩል ነውና።

የዓለም የጤና ድርጅት የአእምሮ ጭንቀትን ለመለየት ያዘጋጀው 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ በአገራችንም በቡታጅራና በሌሎች ስፍራዎች በአማርኛ ተሠርቶበታል። በዚህ መጠይቅ ውስጥ ስለ ኀዘንና ስለ ፍርሃት ብቻ አይጠየቅም። ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍ ማጣት፣ ስለ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ስለ ሆድ ሕመም፣ ቶሎ ስለ መድከምም ይጠየቃል። «አዝኛለሁ» ለማለት አፉ ያልተከፈተለት ሰው «ራሴን ያመኛል» ሊል እንደሚችል ሐኪሞች ያውቃሉ።

ሆኖም ሚዛናችንን እንጠብቅ። ሕመም ሁሉ ከስሜት ይመጣል ብሎ የሚያስተምር ሳይንስ የለም፤ እኛም እንዲህ አንልም። ሸክም፣ አቀማመጥ፣ ጉዳት፣ የእንቅልፍ ማነስና ልዩ ልዩ በሽታ ሁሉ ድርሻ አላቸው። የታፈነ ስሜት ከእነዚህ ጋር የሚደመር አንድ ሸክም ነው። በዓይን ስለማይታይ ግን ማንም አያግዝበትም።

መ. ዮሴፍ ፊቱን የታጠበበት ክፍል

ወደ መጽሐፍ ቅዱስ እንመለስ። የዮሴፍን ታሪክ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረነዋል። በ17 ዓመቱ በወንድሞቹ እጅ ተሸጠ፤ በ30 ዓመቱ በፈርዖን ፊት ቆመ። ሚስት አገባ፤ የበኩር ልጁንም ምናሴ ብሎ ሰየመው። ይህን ስም ያወጣለት እግዚአብሔር መከራውንና የአባቱን ቤት እንዳስረሳው ሲናገር ነው። በሰው ዓይን ሲታይ ነገሩ በዚህ አብቅቷል። ዮሴፍ ተሾሟል፤ ወልዷል፤ «ረስቻለሁ» ብሏል።

ነገር ግን ረኀቡ መጣ፤ ወንድሞቹም እህል ሊሸምቱ በፊቱ ሰገዱ። በዘፍጥረት 42 እርስ በርሳቸው ስለ እርሱ ሲነጋገሩ ሰምቶ ከእነርሱ ዘወር ብሎ እንዳለቀሰ ተጽፏል። በምዕራፍ 43 ብንያምን ባየ ጊዜ አንጀቱ ስለተላወሰ ወደ ጓዳው ገብቶ አለቀሰ፤ ከዚያም ፊቱን ታጥቦ፣ ራሱን ገትቶ ወጣና ማዕድ አስቀረበ። በዚያ ማዕድ የተቀመጡት ሁሉ ያዩት አንድ ጨካኝ ሹም ነው፤ ከውስጥ የታጠበውን እንባ ያየ የለም። በምዕራፍ 45 ግን ራሱን መግታት አልቻለም። አገልጋዮቹን አስወጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ፤ ግብፃውያንም የፈርዖን ቤትም ሰሙ። ማንነቱን ነገራቸው፤ ያደረጉበትን ክፋት ሳይሸፍን በስሙ ጠራው፤ እግዚአብሔርም በዚያ ክፋት ውስጥ የሠራውን መልካም አሳያቸው። ከዚያም በብንያም አንገት ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ ብንያምም በእርሱ አንገት ላይ አለቀሰ። ወንድሞቹ ከእርሱ ጋር መነጋገር የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው።

ከመሸጡ እስከዚህ ቀን 22 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከዚህ ምን እንማራለን? በመጀመሪያ፣ ሹመትም ልጅም ሥራም ያልተለቀሰ ኀዘንን አያጠፉም፤ ለልጅ «ማስረሻ» የሚል ስም ማውጣት መርሳት አይደለም። ሁለተኛ፣ ዮሴፍ ለጊዜው ራሱን መግታቱ ኃጢአት አልነበረም። በማዕድ ላይ፣ በሥራ ላይ፣ በእንግዳ ፊት መግታት ጥበብ ነው፤ ለገታው እንባ ግን ጓዳ ነበረው። የእኛ ችግር መግታታችን ሳይሆን ጓዳው የሌለን መሆኑ ነው። ሦስተኛ፣ እውነተኛው ዕርቅ የመጣው ዝም ባለ ጊዜ ሳይሆን በተናገረ ጊዜ ነው።

ነቢዩ ዳዊትም በመዝሙር 31 (በሌላው አቈጣጠር 32) ኃጢአቱን ሳይናዘዝ ዝም ባለበት ወራት አጥንቶቹ እንዳረጁ፣ ኃይሉም በበጋ ትኩሳት እንደሚደርቅ ሆኖ እንደተለወጠ ይነግረናል። በተናገረ ጊዜ ግን ይቅርታን አገኘ። ዝምታ አጥንት ድረስ እንደሚወርድ የመሰከረው ከዘመናችን ሳይንስ እጅግ ቀድሞ ነው።

ሠ. መታገሥና መደበቅ

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዱ፣ «ታዲያ ክርስቲያን መታገሥ የለበትምን? ወንድ ልጅስ ማልቀስ ይገባዋልን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በትዕግሥት የቆመች ናት። በ1929 ዓ.ም. በጎሬ በፋሺስት ወራሪዎች የተገደሉት አቡነ ሚካኤል ከእኛ ሩቅ አይደሉም። ትዕግሥታቸው ግን እምነትን በሆድ ይዞ በአፍ የመካድ አልነበረም፤ ለወራሪው አልገዛም ብለው በግልጥ ቆመው የመጣውን ተቀበሉ። ሰማዕት የሚለውም ቃል «ምስክር» ማለት ነው፤ ምስክር ደግሞ ይናገራል። መታገሥ ማለት እውነቱን እያወቁ፣ ለእግዚአብሔር እየነገሩ፣ መከራውን መሸከም ነው። መደበቅ ግን ምንም ያልሆንን መስሎ መታየት ነው። የመጀመሪያው ጸጋ ነው፤ ሁለተኛው ጭንብል ነው።

ጌታችን ራሱ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አለቀሰ፤ ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አለቀሰ። በጌቴሴማኒም ነፍሱ እጅግ እንዳዘነች ከሦስቱ ደቀ መዛሙርት አልደበቀም፤ ከእርሱ ጋር እንዲተጉም ለመናቸው። የሕይወት ጌታ ኀዘኑን ለዓሣ አጥማጆች ከነገረ፣ «ክርስቲያን አያዝንም» የሚለውን ትምህርት ከየት አመጣነው? «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውንስ ከየትኛው ወንጌል አገኘነው?

ረ. ሳያለቅስ የቀረ አገር

ይህ ነገር የግለሰብ ብቻ አይደለም። ሕዝባችን ለቅሶን የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ድንኳኑ፣ ዕድሩ፣ በየቀኑ የሚመላለሰው ጎረቤት፣ ፍትሐቱ፣ አርባው፣ ተዝካሩ፣ ሁሉም ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይቀር የተሠሩ ናቸው። የኢዮብ ወዳጆች እንኳ ብዙ ከመናገራቸው በፊት 7 ቀንና 7 ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ መቀመጣቸው መልካም ሥራቸው ነበረ።

ይሁን እንጂ ይህ በር የተዘጋበት ዘመን ነበረ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ብዙ እናቶችና አባቶች እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። ድንኳን አልተተከለም፤ ጥቁር አልተለበሰም፤ ጎረቤትም «ነፍስ ይማር» ለማለት ፈራ። እናት እንባዋን ውጣ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ በማግሥቱ ወደ ሥራዋ ሄደች። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የተከፈተው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ያን ያህል ዘመን በማጅራትና በወገብ የተሸከሙት ስንት ናቸው?

ወደ እኛም አገር እንምጣ። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከሰሜኑ ክፍል 600,000 ያህል ሰዎች ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲሰፍሩ ኢሉባቦር ከተቀባዮቹ አገሮች አንዷ ነበረች። ከእነርሱ መካከል በረኀብ የሞተበትን ሳይቀብር፣ የቀረበትን ዘመድ ሳይሰናበት የመጣ ብዙ ነው። እንደደረሱም ጫካ መመንጠር፣ ጎጆ መሥራት፣ ከወባ ጋር መታገል ነበር እንጂ ለማልቀስ ጊዜ አልነበረም። ዛሬ አብረውን ከሚያስቀድሱት አረጋውያን መካከል አንዳንዶቹ «ወገቤ ነው» ሲሉ፣ ያ ወገብ እርሻ ብቻ እንዳልተሸከመ ብናስብ መልካም ነው።

ሰ. ከበሮው የከበደው ወንድም

ከመዘምራን መካከል አንድ ወንድም ነበር። አባቱ ባረፉ ጊዜ የቤቱ የበኩር ልጅ እርሱ ነበርና ለቀስተኛውን ሲያስተናግድ፣ ለካህናቱ ውኃ ሲያቀርብ፣ ታናናሾቹን ሲያጽናና ሰነበተ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «ጎበዝ ልጅ፣ እንዴት ያለ ብርቱ ነው!» እያለ ሄደ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ከበሮ ማንገት አቃተው። ማንገቻው አንገቱ ላይ ሲያርፍ ትከሻው እንደ ድንጋይ ይጠነክርበታል፤ ሌሊትም ጥርሱን ሲያፋጭ ያድራል። ጤና ጣቢያ ሄዶ ተመረመረ፤ የአጥንት ጉዳት የለብህም ተባለ። ወጌሻም አሸው፤ ለሁለት ቀን ሻል ብሎት ተመለሰበት።

አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ አንዲት አዛውንት እናት በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ አባትህን አልቅሰሃል?» አሉት።

«እማማ፣ እኔ ካለቀስኩ እናቴን ማን ያጽናናታል ብዬ ነው» አላቸው።

«እናትህም እንዲሁ ብላ ይሆናላ! ሁለታችሁም አንዳችሁ ለአንዳችሁ ስትሉ ታፈናችሁ። ሂድ፣ ዛሬ ማታ አባትህን አንሡና አብራችሁ አልቅሱ» አሉት።

እንዳሉትም ሆነ። በአንድ ሌሊት ተፈወሰ አንልም፤ እንዲህ ያለ ነገር ጊዜ ይፈልጋል። ነገር ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ እናትና ልጅ ስለ አባትየው መነጋገር ጀመሩ። እርሱም ለንስሐ አባቱ በልቡ የነበረውን፣ ጥሎን ለምን ሄደ ብሎ በአባቱ ላይ የተሰማውን ቁጣ ጭምር ነገራቸው። ትከሻው ቀስ በቀስ ላላ፤ ለፋሲካም ከበሮውን አነገተ። እኛ ከዚህ የተማርነው፣ «ብርቱ ነህ» የሚለው ምስጋና አንዳንድ ጊዜ «እንዳታለቅስ» የሚል ትእዛዝ ሆኖ እንደሚሰማ ነው።

ሸ. አፍኖ መያዝ ካልሆነ፣ መልቀቅ ነውን?

አንዳንዶች ይህን ሰምተው «እንግዲያውስ ቁጣዬን ባገኘሁት ላይ ላውርድ» እንዳይሉ እንሰጋለን። ይህም መንገድ አይደለም። ቁጣ በጩኸትና በመምታት ይወጣል የሚለው አስተሳሰብ ሲመረመር እውነት ሆኖ አልተገኘም፤ ስለ አስቆጣቸው ሰው እያሰቡ ከረጢት እንዲደበድቡ የተደረጉ ሰዎች ቁጣቸው ጨመረ እንጂ አልበረደም። ቅዱስ ጳውሎስም በኤፌሶን መልእክቱ በምዕራፍ 4 ሰው ሊቆጣ እንደሚችል አልካደም፤ ቁጣው ግን ወደ ኃጢአት እንዳይሄድ፣ ፀሐይም ሳይጠልቅ እንዲፈታ መክሯል። ስለዚህ መንገዱ ሦስተኛ ነው፤ ማፈንም ማፈንዳትም ሳይሆን በሚሰማ ሰውና በሚሰማ አምላክ ፊት በቃል መናገር ነው።

ቀ. ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በማታ ጸሎታችን ላይ ስሜታችንን በስሙ እንጥራ። «አቤቱ፣ ዛሬ እገሌ በተናገረኝ ነገር ተቆጥቻለሁ፤ አፍሬአለሁ፤ ፈርቻለሁ» ማለት ጸሎትን አያረክስም። እግዚአብሔር የሚያውቀውን ነገር ከእርሱ መደበቅ ድካም ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የንስሐ አባት እንያዝ። የንስሐ አባት የኃጢአት ቁጥር የሚቀበል ጸሐፊ አይደለም፤ ቁስልን የሚያይ የነፍስ ሐኪም ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶች ተረት ለሥጋም ለነፍስም ይሠራል።

ሦስተኛ፣ ለመናገር የሚቸግረን እንጻፍ። እ.ኤ.አ. በ1986 ጄምስ ፔንቤከር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጥናት፣ በተከታታይ ለ4 ቀን በየቀኑ 15 ደቂቃ ያህል የደረሰባቸውን ከባድ ነገርና የተሰማቸውን የጻፉ ተማሪዎች በሚቀጥሉት ወራት ወደ ሐኪም ቤት የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ አንሶ ተገኝቷል። ደብተርና እስክሪብቶ ከማናችንም ቤት አይጠፋም።

አራተኛ፣ የተጣላን እንታረቅ። ሽማግሌ እንላክ። የኦሮሞ አባቶችም የአማራ አባቶችም በዛፍ ጥላ ሥር ሁለቱንም ወገን አስቀምጠው መጀመሪያ የሚያደርጉት ማናገር ነው፤ ካሣውና ምርቃቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አምስተኛ፣ አካልንም እናናግር። በሰሞነ ሕማማት በምንሰግድበት ጊዜ ኀዘናችንን በጉልበታችን፣ በጀርባችንና በግንባራችን እንገልጠዋለን። ከስቅለት ስግደት በኋላ ጭናችንን የሚያመን ሕመም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቀናል፤ ሠርቶ ያረፈ ጡንቻ ሕመም ነውና። ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ ጡንቻን ማላላት ሊማሩት የሚቻል ነገር መሆኑን አሳይቷል። ቀለል ባለ መልኩ እንዲህ ነው፦ ጋደም ብሎ ጡጫን ለጥቂት ሴኮንድ መጨበጥ፣ ከዚያ መልቀቅና ልዩነቱን ማስተዋል፤ ቀጥሎ ክንድን፣ ትከሻን፣ መንጋጋን፣ ሆድን፣ እግርን በተራ ማጠንከርና መልቀቅ። ከመኝታ ጸሎት በኋላ 10 ደቂቃ ይበቃል።

ስድስተኛና ዋነኛው፣ ከሐኪም አንሽሽ። ማጅራት ሲደርቅ ትኩሳትና ብርቱ ራስ ምታት ካለበት ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ወይም መቱ ካርል ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። የወገብ ሕመም እግርን ካደነዘዘ ወይም ካሰነፈ፣ ሽንትን መቈጣጠር ካቃተ፣ የሌሊት ላብና የሰውነት መክሳት ከተከተለው (የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላልና) «ኀዘን ነው» ወይም «ብርድ ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም። ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመምም ይመርመር። ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጉባኤያችን የሚዘመርበት ብቻ ሳይሆን የሚለቀስበትም ስፍራ ካልሆነ የዮሴፍን ጓዳ የት እናገኛለን? ከእንግዲህ በመካከላችን አንዱ «ትከሻዬን» ሲል፣ ቅቤና ማሻሻ ከማቅረባችን ጋር «ወንድሜ፣ ምን ከበደህ?» ብለን እንጠይቀው። መልሱንም ሳናቋርጥ፣ ሳንገሥጽ፣ ወደ ሌላ ጆሮ ሳናወጣ እንስማው። ደካሞችንና ሸክማቸው የከበደባቸውን ወደ ራሱ የጠራ ጌታ እኛንም አንዳችን የአንዳችንን ሸክም የምንጋራ ያድርገን።

ያዘኑትን የሚያጽናና፣ የታሰሩትን የሚፈታ አምላካችን ልባችንን ይክፈትልን፤ አገራችንን በሰላም ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።